ለደም መያዣ የተሰጠ ስልክ

ደሴ ዙሪያ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለቢልቂስ፣ ኩዌት

አሰላሙ ዐለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ። ባለሽበት አላህ ይጠብቅሽ፤ የምትሠሪላቸውን ሰዎች ልብ ያራራልሽ፤ የሰው አገር ሙቀት አይክበድሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ካሮቱ ዘንድሮ ጥሩ ነው፣ ድንቹን ግን ውርጭ መታው። አክስትሽ ጉልበቷን ያማታል፤ ከኔ ጋር ለመጨቃጨቅ ግን ጉልበት አላነሳትም።

ስትደውይ «ደህና ነን፣ ደህና ነን» ብዬ ጆሮሽ ላይ የምዘጋብሽ ተቀይሜሽ አይደለም። ስልኩን ስለማላምነው ነው። በወጣትነቴ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነበርኩና ብዕር አይከብደኝም። ይህን መርየም ፈቃዷን ጨርሳ ወደዚያ ስትመለስ በቦርሳዋ ይዛልሽ ትመጣለች። ወረቀት ቢዘገይም የሚሄደው ወደ ላኩት ሰው ብቻ ነው።

በኅዳር ወር ወንድምሽ አሚር በመስኖ ውሃ ተራ ከበሽር ጋር ተጣልቶ በዶማ እንደመታው፣ በሽርም በሦስተኛው ቀን እንደሞተ ታውቂያለሽ። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን በስልክ አልነገርኩሽም። የበሽር ታላቅ ወንድም ሙዓዊያ ደም ሊመልስ ተነስቶ ነበር። አበጋሮቹ፣ ደም የሚያደርቁልን ሽማግሌዎች፣ እግሩ ላይ ወድቀው እስከ ዐረፋ ድረስ እጁን እንዲሰበስብ ቃል አስገቡት። ከዐረፋ በኋላ እርቁ ይፈጸማል፤ አሚርም ራሱ ሄዶ እጁን ለሕግ ይሰጣል። እስከዚያ ግን እኛ የገዳይ ወገን ነንና ደንብ አለብን። አሚር ከሟች ወገን ዓይን ይሰወራል። በቤታችን ድቤ አይመታም፣ ሒና አይቀባም፣ ሳቃችን ከአጥር አይወጣም። እነሱ እያለቀሱ እኛ ስንስቅ ከታየን ቃሉ ፈረሰ ማለት ነው።

ታዲያ አንቺ በጥር መጨረሻ በስልክሽ የለቀቅሽው ምንድን ነው? አሚር በልጄ በረውዳ ሠርግ ላይ ትከሻውን እየሰበቀ ሲጨፍር፣ ከሥሩም «የኔ ጀግና» የሚል ጽሑፍ! ሙዓዊያ ገበያ መሐል ቆሞ አየው። «ማን ላከልህ?» ሲሉት «ማንም አልላከልኝም፣ ስልኬን ስከፍት ራሱ መጣ» አለ። ቤቱ ወስዶ ለእናቱ አሳያት። እናትየው ከዚያ ቀን ወዲህ እህል እንደማትቀምስ ነግረውኛል።

አሁኑኑ አጥፊው። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ልንገርሽና በሆድሽ ያዢው። አሚርን ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ በቀን ሥራ አስገብቼው ነበር፤ አሁን ግን ቅርብ ሆነብኝ። በዚህ ሳምንት ወደ ደጋን ከተማ እወስደዋለሁ፣ ዳምጤ ዘንድ፣ መንገድ ዳር ጎማ የሚለጥፈው ወዳጄ ዘንድ። ይህን የምጽፍልሽ ወላጆቻችሁ በሕይወት ስለሌሉ ነው። እኔ ብሞት ያለበትን የሚያውቅ አንድ የሥጋ ዘመድ ያስፈልጋል። በስልክ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ።

በዱዓ የማይረሳሽ አጎትሽ ጀላል


ኩዌት፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩት አጎቴ ጀላል

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ። አላህ እድሜዎን ያርዝመው፣ ለአክስቴም ጉልበት ይስጣት፣ ጭቅጭቁንም አይንሳችሁ። ረመዳን በር ላይ ደርሷል፤ በሰላም አስጀምሮ በሰላም ያስፈጽመን። ይህን የምጽፍልዎ መታጠቢያ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። እመቤቴ በየክፍሉ ካሜራ ተክላለች፤ ገበያ ሄዳ እንኳ በስልኳ ታየኛለች። ትናንት ሳሎን ውስጥ ትንሽ አረፍ ብል ከግድግዳው ላይ «ተነሺ» የሚል ድምፅዋ መጣ። የማታየኝ እዚህ ብቻ ነው።

ወላሂ አጎቴ፣ ቪዲዮውን አዲስ ነገር ብዬ አልለቀቅኩትም። አንድ ቀን ጠዋት ስልኬን ስከፍት «ከሁለት ዓመት በፊት በዛሬዋ ዕለት» ብሎ ራሱ አውጥቶ አሳየኝ። ረውዳ ሙሽራ ሆና፣ አሚር ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ እርስዎም ከኋላ ቆመው ሊስቁ ሲሉ ሲተዉት። «የኔ ጀግና» ያልኩትም ያኔ ነው፤ ሙሽራይቱን ብቻውን ተሸክሞ ጭቃውን ስላሻገራት። ናፈቃችሁኝና በጣቴ ነካ አደረግሁት፣ ወጣ። ስለ ሙዓዊያ እናት ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አላሰብኩም። አላህ ይቅር ይበለኝ።

አጥፍቼዋለሁ። ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። የማላውቃቸው ሰዎች ወስደው ሌላ ዘፈን አልብሰውታል። አንዱ «ገዳዩ ሲጨፍር» የሚል ርዕስ ሰጥቶት አርባ ሺህ ሰው አይቶታል። ዝም ማለት ስላልቻልኩ ፊቴን አሳይቼ፣ ቁርኣን ይዤ፣ ቪዲዮው የድሮ መሆኑን እያለቀስኩ ተናገርኩ። ግማሾቹ አብረውኝ አለቀሱ። ሌሎቹ የጻፉልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ታዲያ አሁን የት ነው ያለው?» እያሉ። አንድም አልመለስኩ።

አሚር አልፎ አልፎ ድምፁን ቀድቶ ይልክልኛል። ቃሉ አጭር ነው፣ «አብሽሪ፣ ደህና ነኝ» ይላል። እርስዎ እንዳዘዙኝ ያለበትን አልጠይቀውም። ጎረቤት ቤት የምትሠራው ሀኒ፣ የሐይቅ ልጅ፣ «አጎትሽ ስልክን እንደ ጅብ ነው እንዴ የሚፈሩት?» ብላ ሳቀች። እኔ ግን ከእንግዲህ አልስቅም። የሽማግሌዎቹን ነገር ቶሎ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ቢልቂስ


ደሴ ዙሪያ፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለቢልቂስ

አሰላሙ ዐለይኪ። ጾሙን አላህ ይቀበልሽ፤ በደከምሽበት ሁሉ አጅሩን ይጻፍልሽ። ደብዳቤሽ በአስራ አንድ ቀኑ ደረሰኝ፣ ካነበብኩትም በኋላ ትንሽ ራራሁልሽ። ትንሽ ነው ታዲያ።

የስልክ ለቅሶሽን እዚህ ሁሉም አይቶታል፤ ሽማግሌዎቹ ግን አልቆጠሩትም። መሐላ በሰው ፊት ቆሞ ነው እንጂ ለመስታወት አይማልም አሉ። ስለዚህ እኔ፣ ረውዳና ባሏ ባለፈው ሰኞ ከዋርካው ሥር ቆመን፣ ሠርጉ የዛሬ ሁለት ዓመት መሆኑን ማልን። ሙዓዊያ መሬት መሬት እያየ ሰማን። ስንጨርስ «እሺ፣ አምኛለሁ፤ ግን አዲስ መያዣ ይሰጠኝ» አለ።

በእኛ ዘንድ ገዳይ ከልቡ እርቅ እንደሚፈልግ የሚታወቀው መሣሪያውን ለሟች ወገን መያዣ ሲሰጥ ነው። እነሱም በጨርቅ ጠቅልለው ሳጥን ያስገቡታል፤ እስከ እርቁ ቀን ማንም አይነካውም። አባቴ በዘመኑ ጠመንጃ እንዲህ ተሰጥቶ፣ ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ አንድ ጥይት ሳይጎድል እንደተመለሰ ነግሮኛል። ሙዓዊያም «ዶማውን ፖሊስ ወስዶታል። እናቴን ሁለተኛ የገደላት ስልክ ነው። የአሚርን ስልክ ስጡኝ» አለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩና «እውነት አለው» አሉ። እኔም እውነት መሰለኝ። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ልጁ ከዚያ ዕቃ ይገላገላል ብዬ።

ደጋን ወርጄ ስልኩን ተቀበልኩት፤ የመክፈቻ ቁጥሩንም በወረቀት አስጻፍኩት። አሚር «ቁጥሩ ለምን?» ብሎ ተከራከረኝ። «ቆልፎ የሰጠ ሰጠ አይባልም» ብዬ ተቆጣሁት። ረቡዕ ዕለት ሽማግሌዎቹ ፊት፣ ስልኩን ከነወረቀቱ፣ በሁለት እጄ ለሙዓዊያ አስረከብኩት። እሱም በነጭ ጨርቅ ጠቀለለው። ሁሉም ፋቲሐ ቀራ።

ከዚያ ወዲህ አንዲት ነገር ብቻ ልቤን ትቆረቁረኛለች። ዛሬ ጠዋት ገበያ ላይ ሙዓዊያ ከደረት ኪሱ ስልክ አውጥቶ ሲያይ አየሁት። ሽፋኑ ሰማያዊ ነው። የአሚርም ሰማያዊ ነበር። ሰማያዊ ሽፋን በየሱቁ ሞልቷል ብዬ ራሴን ገሠጽኩ።

ስለዚህ ልጄ፣ ከእንግዲህ ወንድምሽ ስልክ የለውም። በስሙ የሚጽፍልሽ ቢኖር እሱ አይደለም፤ ማንንም አትመኚ። እኔም የማላውቃቸው ሰዎች እየደወሉ «አሚር ደህና ነው?» ሲሉኝ ሰልችቶኝ የስልኬን ሲም አውጥቼ ጥያለሁ። ይህን የመርየም እህት ቡዜ በሚቀጥለው ሳምንት ስትበር ታደርስልሻለች።

አጎትሽ ጀላል


ኩዌት፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩት አጎቴ

አሰላሙ ዐለይኩም፤ ዒድ ሙባረክ! ለከርሞው በአንድ ማዕድ ያድርሰን። ደብዳቤዎ እስካሁን አልደረሰኝም፤ ስልክዎም «ጥሪ አይቀበልም» ይለኛል። ተቀይመውኝ ከሆነ የዒድ ሰሞን ነውና ዓውፍ ይበሉኝ። ይህን የሚያደርስልዎ የሀኒ የአጎት ልጅ ነው፣ በቀጥታ ኮምቦልቻ የሚያርፍ።

ደስ የሚል ነገር ልንገርዎ። አሚር ተለውጧል! ከሦስት ሳምንት ወዲህ በየቀኑ ይጽፍልኛል። ድምፁን አይልክም፣ «ጉሮሮዬን አሞኛል» ይላል፤ ግን ጽሑፉ እንዴት እንደሚጣፍጥ! «እህት ዓለም፣ እንዴት አደርሽ? በልተሽ ዋልሽ?» ይለኛል። በሕይወቱ በልተሽ ዋልሽ ብሎኝ አያውቅም። ለካ ብቸኝነት ሰውን ያበስለዋል አልኩ። ስለ በሽርም አንስቶ ይጠይቀኛል። «በሽርን ታስታውሺዋለሽ? ምን ዓይነት ሰው ነበር ትያለሽ?» አለኝ አንድ ቀን። «ዝምተኛ ነበር፣ አንዴ ከወንዝ እንስራዬን አሸክሞኛል፤ ሞቱ እኔንም ያስለቅሰኛል» አልኩት። ከዚያ «አመሰግናለሁ» ብቻ ብሎ ጻፈ። ጸጸቱ ነው ብዬ አብሬው አለቀስኩ።

በነገራችን ላይ ሊያዛውሩት አስበዋል እንዴ? ለዒድ ዋዜማ «አጎቴ ወደ ሌላ ቦታ ሊወስደኝ ነው መሰል፣ የነገረሽ አለ?» አለኝ። «ከዳምጤ የተሻለ ቤት ከየት ሊያገኝልህ!» ብዬ ሳቅሁበት። «የትኛው ዳምጤ?» አለኝ። «ጎማ የሚለጥፈው ነዋ፣ አብረኸው እያደርክ! ደጋን ስንት ዳምጤ አለ?» ስለው «እየቀለድኩ ነው» አለኝ። ድሮም ቀልድ አይችልበትም።

እመቤቴ ለዒድ አዲስ ቀሚስ ሰጥታኛለች፤ ካሜራዋን ግን አላነሳችም። ሰው ሲመጣ ትንሽ በርበሬና ጥቁር አዝሙድ ይላኩልኝ፤ የዚህ አገር ወጥ ምላሴን አደንዝዞታል።

የምትናፍቅዎ ቢልቂስ


ደሴ ዙሪያ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቢልቂስ ልጄ

አሰላሙ ዐለይኪ። ሰላምታ ለማሳመር ጊዜ የለኝም፤ አላህ ይሁንሽ።

ደብዳቤሽን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት። በመጋቢት አራት የጻፍኩልሽ አልደረሰሽም ማለት ነው። ቡዜ ቪዛዋ ዘግይቶባት ደሴ ውስጥ ስትንከራተት መክረሟን ዛሬ ነው የሰማሁት። ያ የሚጽፍልሽ አሚር አይደለም። የአሚርን ስልክ መያዣ ብዬ ለሙዓዊያ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ከነመክፈቻ ቁጥሩ።

ደብዳቤሽን እንደያዝኩ ደጋን በረርኩ። ዳምጤ ሲያየኝ ራሱን ያዘ። ከአስር ቀን በፊት ሦስት ሰዎች በሚኒባስ መጥተው ጎማ ንፉልን አሉት። ጎማው ሙሉ ነው። እሱ እየነፋ እነሱ ወደ ጓዳው ያያሉ። አሚር በጓሮ ቀዳዳ አያቸውና ያን ጊዜውኑ በአጥር ዘሎ ወጣ። ምሳው ቀርቦ አልነካውም። ወዴት እንደሄደ ዳምጤም አያውቅም። በደጋንም በኮምቦልቻም ጠየቅሁ፤ ያየው የለም።

ሙዓዊያን ሽማግሌዎቹ ፊት አቆምኩት። አልካደም። «ዝግ ቢሆን ዝግ ይቀመጥ ነበር። ቁልፉን አብራችሁ የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ» አለ። ሽማግሌዎቹም ቃል አፈረሰ ብለው ሊፈርዱበት አልቻሉም። ስልክ መያዣ ሆኖ አያውቅማ፤ ደንቡን ማን ይንገራቸው? እኔ ነበርኩ ማሰብ የነበረብኝ። ጠመንጃ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ከሰው ጋር አያወራም።

አሁን የቀረን አንድ መንገድ ነው። ሽማግሌዎቹ ትናንት አዲስ ነገር ቆርጠዋል፤ አሚር ገራዶ፣ አበጋሩ ሐጂ እንድሪስ ግቢ ከገባ እስከ ዐረፋ በእነሱ ጥላ ሥር ነው፣ ማንም እጁን አያነሳበትም። ሙዓዊያም በግድ ይሁን በውድ እሺ ብሏል። አሚር ግን ይህን አያውቅም። እኔ ከጣልኩት ሲም ሌላ እሱ በቃሉ የሚያውቀው ቁጥር ያንቺን ብቻ ነው፤ ስምንት ዓመት አልቀየርሽውምና። የሰው ስልክ ለምኖም ቢሆን ይፈልግሻል። ሲያገኝሽ «ገራዶ፣ ሐጂ እንድሪስ ዘንድ ግባ» በይው። ሌላ ምንም አትበይው።

ለምን አልደወልክም ትይኝ ይሆናል። ደሴ ወርጄ የሰው ስልክ ይዤ ቁጥርሽን ጀምሬው ነበር። ግን ሙዓዊያ ስልክሽ ውስጥ ገብቶ ከአንድ ወር በላይ ሲያወራሽ ከርሟል። የምንለውን ሰምቶ መንገድ ላይ እንዳይቀድመው ፈራሁ። ባለስልኩ «እንዲህ አይደለም የሚሠራው» አለኝ፤ አላመንኩትም። ይህን ወረቀት ነገ በሚበር ሰው እጅ አስቀምጬዋለሁ። ያ ረቢ፣ ቶሎ አድርስልኝ።

ጀላል


ኩዌት፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ጀላል

አሰላሙ ዐለይኩም። ቡዜ የመጋቢቱን ደብዳቤዎን ያደረሰችኝ ሚያዝያ አስራ አንድ ቀን ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ሄጄ ወለሉን ወለወልኩ፣ ካሜራው እያየኝ። ማልቀስ እንኳ አልቻልኩም።

ማታ ለዚያ ስልክ «አንተ ማነህ?» ብዬ ጻፍኩለት። ወዲያው መለሰ። «የበሽር ወንድም ነኝ። ስለ እንስራው የነገርሽኝን ለእናቴ ነግሬያታለሁ። ስለ ዳምጤም አመሰግናለሁ» አለኝ። ስልኩን ወረወርኩት፤ መስታወቱ ተሰነጠቀ። አጎቴ፣ እባክዎ አሚርን ከደጋን ያውጡት! ይህ ሳይደርስዎ አውጥተውት እንደሆነ አላውቅም። የነገርኩት እኔ ነኝ። በገዛ አፌ፣ እየሳቅሁ።

ከእንግዲህ ግን አልታለልም። ከትናንት ወዲያ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ከማላውቀው የኢትዮጵያ ቁጥር መልእክት መጣ። «ቢሉ፣ አሚር ነኝ። የሰው ስልክ ነው። የአጎቴ ስልክ አይሠራም። የት ልግባ?» ይላል። አልመለስኩም። ቀጥሎ ድምፅ መጣ፤ ከፈትኩት። ድምፁ የአሚር ነው። ንግግሩን ሲጨርስ አየር ሳብ የሚያደርጋት ነገር እንኳ አልቀረችም። «ቢሉ፣ ደክሞኛል፣ ቶሎ በይ» ይላል።

ልመልስለት ነበር። ሀኒ እጄን ያዘችኝ። አሁን ከአንድ ቪዲዮ ላይ የሰውን ድምፅ ቀድተው ያሻቸውን የሚያናግሩበት ነገር እንዳለ እዚያው ከፍታ አሳየችኝ። የራሷን ድምፅ አስገብታ በዐረብኛ አስወራችው፤ ሀኒ ዐረብኛው እንዲያ አይቀናትም። የአሚር ድምፅ ደግሞ በሠርጉ ቪዲዮ ላይ እኔው ራሴ በትኜዋለሁ። እርስዎም «ማንንም አትመኚ» ብለዋል።

ቢሆንም ፈተንኩት። «እናታችን ትንሽ ሳለህ ምን ብላ ትጠራህ ነበር?» ብዬ ጻፍኩ። ይህን ከሦስታችን በቀር ማንም አያውቅም። አንድ ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ፣ አስር ደቂቃ ጠበቅኩ። ምንም የለም። ወንድሜ ቢሆን ለዚህ ማሰብ ያስፈልገዋል? ቁጥሩን ዘጋሁበት፤ ከእንግዲህ ምንም ቢልክ አይደርሰኝም።

ትንሽ ኮርቻለሁ አጎቴ፣ አልዋሽዎትም። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም። ድምፁ በጆሮዬ ቀርቷል። አሚር ደህና መሆኑን በአንዲት መስመር ይጻፉልኝ።

ቢልቂስ


ደሴ ዙሪያ፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሀኒ፦ ልጄ፣ በስልክ እንደተነጋገርነው ይህን አንቺ አንብቢላት። የአገራችን ሴቶች መጥተው ከጎኗ ከተቀመጡ በኋላ ይሁን። ስልኳን እስካሁን ስለያዝሽባት፣ መርዶውን ከማያውቃት ሰው እንዳትሰማ ስላደረግሽ አላህ ይክፈልሽ።

ቢልቂስ ልጄ፣

ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። ወንድምሽ አሚር ወደ ጌታው ሄዷል። ጁምዓ ሚያዝያ አስራ ሰባት፣ ከሶላት በኋላ፣ ከእናታችሁ ጎን ቀበርነው። አልቅሺ፤ እኔም እየጻፍኩ እያለቀስኩ ነው።

ዝም ብዬ ልሸፋፍንልሽ አስቤ ነበር። ሌላ ሰው በስልክ አጣምሞ ከሚነግርሽ ግን ከኔ ስሚው። ሐሙስ ዕለት የጻፈልሽ አሚር ነበር። ኮምቦልቻ መናኸሪያ አጠገብ ሞባይል የሚጠግን ሀፊዝ የሚባል ሰው ስልኩን አውሶት ነው። ሱቁ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁት። ሁለት ሳምንት የቀን ሥራ እየሠራ በየበረንዳው ሲያድር የከረመ ይመስላል፤ እግሩ ቆስሎ ነበር አለኝ። ጥያቄሽ ሲደርሰው ፈገግ አለ አለኝ። ሊመልስልሽ ሲጀምር መብራት ሄደ፤ ኔትወርኩም አብሮት ጠፋ። ሠላሳ ደቂቃ ያህል ስልኩን ወደ ላይ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ሲመለስ ጻፈልሽ።

ሀፊዝ አሳየኝ። «ጥንቅሼ» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ጥንቅሼ ነበር የምትለኝ»። ደግሞ አንድ ጊዜ «ቢሉ፣ ጥንቅሼ»። ሦስቱም ሥር ያለችው ጭረት አንዲት ብቻ ናት። ሀፊዝ አልደረሰም ማለት ነው አለኝ። ሱቁ እስኪዘጋ ጠብቆ፣ አመስግኖ ሄደ። መግቢያ ሲያጣ ወደኔ ሊመጣ ቆርጧል። ንጋት ላይ ዳገቱን ሲወጣ፣ የሙዓዊያ የአጎት ልጆች ከእርሻቸው ዳር አገኙት። የገራዶውን የሽማግሌዎች ውል እኛም እነሱም እናውቅ ነበር፤ እሱ ብቻ ነበር ያልሰማው። ገዳዮቹን ፖሊስ ይዟቸዋል። ሙዓዊያ ቀብሩ ላይ መጥቶ ከሩቅ ቆመ፤ ማንም አላባረረው።

አሁን አንድ ነገር እነግርሻለሁ፤ ሀኒ፣ ይህን ሁለት ጊዜ አንብቢላት። ስልኩን ከነቁልፉ የሰጠሁ እኔ ነኝ። «ማንንም አትመኚ» ብዬ የጻፍኩ እኔ ነኝ። መደወል ሲገባኝ በፍርሃት፣ በጊዜው ያልደረሰሽን የገራዶውን ወረቀት የላክሁም እኔ ነኝ። አንቺ ያልኩሽን አደረግሽ። ገዳዩ ማን እንደሆነ ስትፈልጊ ወደ ራስሽ አትሂጂ።

ነገ አበጋሮቹ ወደ እኛ ቤት ይመጣሉ፤ አሁን የሟች ወገን እኛ ሆነናል። የረውዳ ባልና ጎረምሶቹ ከትናንት ጀምሮ በስልካቸው የሚለቁትን ፎቶና ፉከራ አይቻለሁ። እግራቸው ላይ ወድቄም ቢሆን አስጠፋዋለሁ። ሌላ ደም በዚህ ቤት አላይም።

ለኔም አዲስ ሲም አውጥቻለሁ፤ ቁጥሩን ለሀኒ ነግሬያታለሁ። ሲቀልልሽ ደውዪልኝ፣ ድምፅሽን ልስማ። እኔ መሆኔን ከተጠራጠርሽ የፈለግሽውን ጠይቂኝ። መልሱ ቢዘገይብሽ ግን ልጄ፣ አደራ፣ አትዝጊብኝ፤ ጠብቂኝ።

አጎትሽ ጀላል